ሞቺውን ያገላበጠው እጅ

ቺዙሩ ኢናጋኪ ኑድል ቤት ስትገባ ባለቤቱ ሳያስበው እጁን በሽርጡ ይጠርጋል። ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፤ ዓይኑ ግን ቶሎ ብሎ ወደ መክተፊያው፣ ወደ ማጠቢያው፣ ወደ ማቀዝቀዣው በር ይሄዳል። እሷም እንዳላየች ሆና ጥግ ትይዛለች፣ ትበላለች፣ አመስግና ትወጣለች። ኡራሴ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። የጤና ጽሕፈት ቤቱ የምግብ ተቆጣጣሪ ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ሰርግ ይጠሯታል፣ ግን ከማብሰያው አርቀው ያስቀምጧታል።

ሥራዋ ለሰው የሚያወሩት ዓይነት አይደለም። ሰው ሲያስመልሰው ሌላው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ትጠይቃለች። ምን በላህ? የት? አብሮህ ማን ነበር? መጀመሪያ ያስመለሰህ የት ቦታ ላይ ነው? ማን ጠረገው? ሆዱን ይዞ የተኛን ሰው እንዲህ እያሉ ማድረቅ ደስ አይልም። አንዳንዱ ይሳደባል። አንዳንዱ አፍሮ ይዋሻል። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ስትገጥማት ደግሞ፣ ስለ ተቅማጧ እንኳ ቢሆን የሚጠይቃት ሰው በመገኘቱ ደስ ብሏት ከልጅነቷ ጀምራ ታወራላታለች። ቺዙሩ አታቋርጣትም። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ያበጠ ጉልበቷን ከጠረጴዛው ሥር ታሻሻለች።

በብርዱ ወራት ሥራው ይብሳል። ኖሮቫይረስ የሚሉት ተውሳክ ብርድ ይወዳል። አይታይም፣ አይሸትም፣ የምግብ ጣዕም አይለውጥም። አንድ ልጅ ካስመለሰበት ፍራሽ ተነስቶ ቤቱን ያዳርሳል፣ ከቤቱም ወጥቶ ሰፈሩን ይዞራል። ጎልማሳውን አንገላቶ ይለቀዋል። ሽማግሌና ሕፃን ላይ ግን ይጨክናል፤ ሰውነታቸውን አድርቆ ሳይታሰብ ይዟቸው ይሄዳል። ቺዙሩ እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ቆማ ታውቃለች። የሟች ልጆች «ከየት መጣብን?» ሲሏት መልሱን እያወቀች መናገር ያቃታት ጊዜ ነበር።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ድካሙ ከአጥንቷ ገብቷል። ባሏ አርፏል፣ ልጇ ኦሳካ ነው፣ እሷም ጡረታዋ ደርሷል። ጠዋት ጫማዋን ስታስር ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ትቆያለች። ሌላ ምንም አይደለም፤ ቀና ማለቱ ይሰለቻታል።

አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ ስትገባ ሰው እጁን በሽርጡ የማይጠርግበት። የእማማ ኪኑ ቤት።

እማማ ኪኑ ሰማንያን ያለፉ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናቸው፤ ባላቸውን ባሕር ከወሰደባቸው ቆይቷል። ቺዙሩ ከተራራው አገር ተድራ የመጣች ጊዜ፣ ዓሣ እንደ እባብ በሁለት ጣቷ ይዛ የወደቡ ሴቶች ሲስቁባት፣ እሳቸው ናቸው እጇን በእጃቸው ይዘው አንጀት ማውጣት ያስተማሯት። ተቆጣጣሪ ሆና ስትሾም ሌላው ሲርቃት እሳቸው አልራቋትም። «እኔ ምን ትቆጣጠሪኛለሽ? ከነቆሻሻዬ ነው ያወቅሽኝ» ብለው ይስቃሉ። በር ላይ እንደታየች «ግቢ፣ ብይ» ነው። እምቢ ቢሏቸው አይሰሙም።

በወደቡ ሰፈር ደግሞ የሞቺ፣ የተወቀጠው የሩዝ ሊጥ፣ አገላባጭ እሳቸው ናቸው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የሰፈሩ ማኅበር መቅደሱ ግቢ ውስጥ ሙቀጫውን ያወጣል። በእንፋሎት የበሰለውን የሚጣበቅ ሩዝ ይገለብጡበትና ወንዶቹ በትልቅ የእንጨት ዘነዘና ተራ በተራ ይወቅጡታል። ዘነዘናው ከፍ ሲል እማማ ኪኑ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ሊጡን አጥፈው፣ ገልብጠው፣ ሳይወርድባቸው ያወጣሉ። እንዳይጣበቅባቸው በየመሀሉ ጣታቸውን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይነክራሉ። ፈራ ተባ ያለች ሴት ጣቷን ታስቀጠቅጣለች። እማማ ኪኑ ግን ዓይናቸው ሌላ ሰው ላይ ሆኖ፣ እየቀለዱ፣ እየተሳደቡ ነው የሚያገላብጡት። «ምታው እንጂ! ሚስትህ ትናንት ሩዝ አላበላችህም?» ይላሉ፣ ግቢው በሳቅ ይሞላል። ሊጡ ሲልም ሴቶቹ ይከቡታል፤ በትንሽ በትንሹ እየቆነጠሩ ያድቦለቡሉታል፤ ትኩሱን በተፈጨ ጣፋጭ ባቄላ ወይም በአኩሪ አተር ዱቄት እዚያው ይበሉታል። የተረፈውን ጠፍጥፈው ያደርቁና ለአዲሱ ዓመት በየቤቱ ያከፋፍሉታል።

ቺዙሩ በዚያ ቀን ሆን ብላ ከቤቷ አትወጣም። ተቆጣጣሪ ቆማ እያየችው ማን በደስታ ይበላል? ድርሻዋን እማማ ኪኑ ይልኩላታል። የዚያን ዓመትም ላኩላት፤ ማታውን በከሰል ጠብሳ በላችው።

ሞቺው የተወቀጠው እሑድ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ስልክ ዕረፍት አጣ። በወደቡ ሰፈር በአንድ ሌሊት ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ ተኝቷል። ሕፃናት ትውከት በትውከት ሆነዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ሰዉ ሁሉ ደግሞ ጥፋተኛውን አግኝቷል። እሑድ ዕለት ከሙቀጫው ጎን ኢሶጋይ የሚባለው የኦይስተር አርቢ ያንን ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት ከነቅርፊቱ ከሰል ላይ እየጠበሰ ሲያበላ ነበር። ኦይስተር ከባሕሩ የገባበትን ሁሉ ይዞ ያስቀምጣል፤ ይህንን የኡራሴ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። በረፋዱ ላይ ለአዲስ ዓመት ያዘዙት ደንበኞች አንድ በአንድ እየደወሉ «ዘንድሮ ይቅርብን» አሉት።

«ኢናጋኪ ሳን፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለ አለቃዋ ቶጋሺ። ከእሷ በዕድሜ ያነሰ፣ በማክበሪያው «ሳን» የሚጠራት ደግ ሰው ነው፤ እሱም ዓይኑ ቀልቷል። «ዕረፍቱ ደርሷል። ኢሶጋይን በራሱ ፈቃድ እንዲዘጋ እንጠይቀው።»

በራሱ ፈቃድ የሚባለውን ሁለቱም ያውቁታል። የተጠየቀ ሰው እምቢ አይልም፣ የዘጋም ሰው ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል።

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ቺዙሩ። «ሕፃናቱ ኦይስተር አይበሉም። ጠረኑን እንኳ አይችሉትም። እነሱን ምን አሳመማቸው?»

«ከወላጆቻቸው ይዟቸው ይሆናላ።»

«ይሆናል። ግን በአንድ ሌሊት?»

ቶጋሺ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «እስከ ነገ ይሁን። ነገ ግን በአረጋውያን መጦሪያ ቤቱም ሞቺ ይወቀጣል ብለዋል፣ ሰምተዋል? ከኢሶጋይ ኦይስተርም ሊወስዱ ነው። የሆነ ነገር ማስቆም አለብን። የትኛውን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

በአረጋውያን ቤቱ ሞቺ የሚያገላብጡት ማን እንደሆኑ ቺዙሩ ታውቃለች። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

ኢሶጋይ ባዶ ከሰል ማንደጃው ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። ከሩቅ ሲያያት ጮኸ።

«መጣሽ፣ የሰገራዋ እመቤት! ማሰሪያ ገመድ ይዘሻል ወይስ ከኔ ልስጥሽ?»

«ኢሶጋይ ሳን፣ እርስዎ ታመዋል?»

«እየኝ እስቲ! ባልዲ ሙሉ ነው የበላሁት። ሠራተኞቼም እንደዚያው። ማን ታመመ? በሬ ይመስላሉ።»

«ሞቺስ በልተዋል?»

«በምን ጥርሴ?» አፉን ከፍቶ ሰው ሠራሹን አሳያት። «አምና ሞቺው ይዞት ወጥቶ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሚስቴ ከዚያ ወዲህ ከልክላኛለች።»

«ሠራተኞችዎስ?»

«ሞቺው ሳይደርስ መረብ ሊጎትቱ ሄዱ። ሲመለሱ ጉርሻ አልቀረም፤ ደረቁን ወስደው ቤታቸው ጠብሰው በሉ።» ሲጋራውን ጣለው። «ምን ልትዪ ነው? ሞቺው ነው ልትዪ ነው?»

ቺዙሩ በልቧ ደረደረችው። ሞቺውን በትኩሱ የበላ ታሟል፣ እሳት ያየውን የበላ አልታመመም። እሷ ራሷ አልታመመችም። ጭንቅላቷ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ሲታያት ደስታ አልተሰማትም።

«ስሚ» አለ ኢሶጋይ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እኔ ከዚህ ሌላ አላውቅም። ከአባቴ ነው የወረስኩት። ኦይስተሩ ነው ካልሽ ነው በዪ። ካልሆነ ግን አፍሽን ሞልተሽ አይደለም በዪ። በሹክሹክታ አይደለም።»

ከዚያ ፉጂኖ ዘንድ ሄደች፤ የማኅበሩ ሴቶች አለቃ ናት። ታማ ስለተኛች የሚለያያቸው የወረቀት በር ነው፤ ገርበብ ባለው ክፍተት ብርድ ልብሷ ብቻ ይታያል።

«ሞቺውን ማን ነካው?» አለች ቺዙሩ።

«ሁላችንም ነካነው።»

«ማን አገላበጠው?»

«ሁላችንም።»

«እማማ ኪኑ ነበሩ እንጂ።»

«ካወቅሽ ለምን ታደርቂኛለሽ?» ከበሩ ጀርባ ሳል ተሰማ። «ጓንት አድርጉ ብያቸው ነበር። ‹አንቺ ባልሽን በጓንት ነው የምታቅፊው?› አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን ልበል?» ቀጠለችና «ቺዙሩ ሳን፣ ይህንን ከእሳቸው ከወሰድሽባቸው ምን ይቀራቸዋል? ሁላችንም ነን ብለሽ ጻፊው። ሁላችንም ብንሆን ማን ይሞታል?» አለች።

«ነገ የአረጋውያኑ ቤት ነው፣ ፉጂኖ ሳን።»

ፉጂኖ ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ሳበችው።

ብዙ እጅ ነክቶታልና አንዱን ለይቶ መያዝ ከንቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቺዙሩ ጥያቄውን ለወጠችው፤ ከእሑድ በፊት የታመመ ልጅ በማን ቤት ነበር? ወደ መዋለ ሕፃናቱ ሄደች። አስተማሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ መጫወቻዎቹን በበረኪና ውሃ እየዘፈዘፈች ነው።

«ከእሑድ በፊት? አንድ ብቻ ነው፤ ሪኩ። ከቅዳሜ ጀምሮ አልመጣም። እናቱ ጉንፋን ነው አለች።»

ሪኩ የእማማ ኪኑ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

ቺዙሩ ከግቢው ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩን አላስነሳችም። በረዶ መጣል ጀምሯል፣ መስታወቱን እስኪሸፍነው አየችው። በእሷ ፋንታ ሌላ ሰው ሊሄድ ይችል ነበር። ቶጋሺን ብትጠይቀው እሺ ይላት ነበር፤ ጎረቤቴ ናቸው ማለት ይበቃታል። ግን የማያውቃቸው ሰው ጓንት አጥልቆ፣ አፉን ሸፍኖ ያን ቤት ሲገባ ታያትና መኪናውን አስነሳች።

«ግቢ! ብርድ ይዘሽ ገባሽ፣ ዝጊው!» አሉ እማማ ኪኑ። ከሥሩ ማሞቂያ ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ወገባቸው ስበው ተቀምጠዋል። ሪኩ ድኖ ጎናቸው ተኝቷል፤ አፉ ተከፍቶ ያንኮራፋል። «ፊትሽ ምን ሆኗል? ምሳ በልተሻል? አልበላሽም። ይሄን ያዢ መጀመሪያ።»

መንደሪን ልጠው ሰጧት። ነጩን ክር ሳይቀር አንድ በአንድ አንስተው፣ ለሕፃን እንደሚሰጡት ከፍለው፣ መዳፏ ላይ አኖሩላት። ጣቶቻቸው በብርዱ ተሰነጣጥቀዋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ደም ደርቋል።

ቺዙሩ መንደሪኑን ያዘችው። ወደ አፏ አልሄደም። ስለ ፉጂኖ ሕመም አወራች፣ ስለ በረዶው አወራች፣ መንደሪኑ መዳፏ ላይ ሞቀ።

እማማ ኪኑ አዩት። በዚህ ሁሉ ዓመት ከእጃቸው ተቀብላ ሳትበላ የቀረችበት ቀን የለም።

«አልበላሽም» አሉ።

ቺዙሩ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ገና አላወቅንም፣ እማማ። ምርመራው…»

«እኔን እንደ ቢሮ ሰው አታናግሪኝ!» ልጁ እንዳይነቃ ድምፃቸውን አፈኑት። «እኔኮ ምንም አልሆንኩም። ሆዴ ደህና ነው፣ ትናንትም ዛሬም በልቻለሁ። ያልታመመ ሰው እንዴት ያሳምማል?»

«ይህ በሽታ እንዲህ ነው። አንዳንዱ ሰው ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሪኩ መቼ ነው ያስመለሰው?»

እማማ ኪኑ የመንደሪኑን ልጣጭ ሰበሰቡ፣ ደግሞ በተኑት። «ዓርብ ነው። ፍራሹ ላይ። እናቱ ዓሣ ገበያ ተረኛ ነበረች። እኔ ጠረግሁት።»

«በእጅዎ?»

«በምን ልጥረገው ታዲያ? በማንኪያ? የስንቱን ልጅ ጠርጌያለሁ፣ ያንቺን ልጅ ጠርጌያለሁ!» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ታጥቤያለሁ። ያን የሚነፋውን አልኮልም ነፋሁበት። ስንጥቁ እሳት እስኪሆንብኝ ነው የነፋሁት። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?»

«አልኮል ይህኛውን እምብዛም አይነካውም፣ እማማ። የሚገድለው በረኪና ነው፣ ወይ የፈላ ውሃ። ከእጅ ላይ ደግሞ በሳሙና ብዙ ጊዜ ፈትጎ ማስለቀቅ ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ እሱም ያስቸግራል።»

«ማን ነገረን? በየበሩ ያስቀመጣችሁት እናንተው አይደላችሁ? ንፉ፣ ንፉ አላችሁን። ነፋን።»

ይህ እውነት ነበር።

«ለፉጂኖ ሳን ቢነግሯት ምን ነበረበት?» አለች ቺዙሩ።

«ምን እንዳለበትማ አውቃለሁ። ‹ዘንድሮ ይረፉ› ትለኛለች።» እማማ ኪኑ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር ሸሸጉት። «አንቺ ዕረፍት ያምርሻል፣ ደክሞሻል፣ አያለሁ። እኔን ግን አንዴ ይረፉ ካሉኝ ተመልሰው አይጠሩኝም። በዚህ ሰፈር እንደዚያ ነው። ዮሺ ወገቧን ታማ አንድ ዓመት ቀረች፤ በዓመቱ ወንበር አምጥተው ጥግ አስቀመጧት። አሁን ሰው መኖሯንም አያስታውስም። እኔ ሙቀጫው ላይ ነው ሰው የምሆነው። እቤት ውስጥ ማን ነኝ? የሚጠብቁኝ አሮጊት ነኝ።»

ሪኩ ተገላበጠ። እማማ ኪኑ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገው አለበሱት።

«ነገ ሃሩ ትጠብቀኛለች» አሉ እማማ ኪኑ። ሃሩ አረጋውያን ቤት የምትኖር አብሮ አደጋቸው ናት፤ ዓይኗ ጠፍቷል። «ከኔ እጅ ካልሆነ አትጎርስም።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ይህን ስትል እማማ ኪኑ ቀና ብለው አዩዋት። ሰፈሩ መታመሙን ሰምተዋል፣ የኢሶጋይን ስምም ሰምተዋል፤ የነገው ግን ያን ጊዜ ነው የታያቸው። ሃሩ ክብደቷ የልጅ ያህል ነው።

«እርስዎ ቢናገሩም ባይናገሩም እኔ እደውልላቸዋለሁ» አለች ቺዙሩ። «ሳልደውል አላድርም። ግን ከእኔ ከወጣ የቢሮ ቃል ነው፤ ሰዉ ደግሞ ተደብቀው ተያዙ ይላል። ኢሶጋይም ስሙ እንደቆሸሸ ይቀራል፣ ቢሮው ሸፈነለት ይላሉ እንጂ አያምኑትም። እርስዎ ቢናገሩት…»

«ውጪልኝ።»

«እማማ…»

«ውጪልኝ አልኩ። ውሃ አፍልቼ ላጥብ፣ ያንቺን መቀመጫ ጭምር።»

ቺዙሩ ከቦርሳዋ የሰገራ መውሰጃውን ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ከልጣጩ አጠገብ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ብልቃጥ ለስንት ሰው ሰጥታለች። መንደሪኑን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። መኪናዋ ውስጥ ሆና ለአረጋውያን ቤቱ ደወለች፤ ነገ ከውጭ ማንም እንዳይገባ፣ ሞቺ እንዳይወቀጥ። ቀጥላ ለቶጋሺ ደወለች። እሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ኢሶጋይን አንዘጋውም እንግዲህ። ግን ወሬውን ምን እናድርገው? ውጤቱ እስኪመጣ የሰው ስም አንጠራም።» ትክክል ነበር። ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ስልክ ቀሰቀሳት።

«መኪናሽን ይዘሽ ነይ» አሉ እማማ ኪኑ፣ ዘጉት።

በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት። የበዓል ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን አበጥረዋል። በአበባ ጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር ዘረጉላት።

«ይኸውልሽ የአዲስ ዓመት ስጦታሽ። በዚህ ዕድሜዬ ያሠራሽኝን ሥራ አትርሺው።»

ብልቃጡ ነው። ቺዙሩ መሳቅም ማልቀስም አልቻለችም። ውጤቱ በማግስቱ ሲመጣ ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የነገራቸው።

መጀመሪያ አረጋውያን ቤቱ ሄዱ። እማማ ኪኑ ግቢ አልገቡም። ኃላፊዋ ወደ በሩ ስትመጣ ራቅ ብላ እንድትቆም በእጃቸው ከለከሏትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሯት፤ የልጁን ትውከት እንደጠረጉ፣ እንዳልተናገሩ፣ ዛሬም ሊመጡ እንደነበር። ወገባቸውን ሰብረው ሰገዱ። «ለሃሩ እግሬን አሞኝ ነው በሏት» አሉ። ትንሽ አሰቡና «የለም። እውነቱን ንገሯት። ኪኑ ልትገድልሽ ነበር በሏት፤ ትስቃለች።»

መኪናው ውስጥ ተመልሰው ከተማው መሀል ሲደርሱ የኬክ ቤቱን ደጅ እያዩ «አቁሚ» አሉ። ለይቅርታ የሚሄድ ሰው በማሸጊያ የተጠቀለለ ጣፋጭ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በዚያ አገር ባዶ እጅ ይቅርታ የለም። ቺዙሩ አቆመች። እማማ ኪኑ የበሩን መክፈቻ ያዙ፣ አልከፈቱትም።

«ከኔ እጅ ማን ተቀብሎ ይበላል?»

«የታሸገ ነው እኮ። እኔ ልግዛው፣ እኔ ልያዘው።»

«ሊበሉት አይችሉም። እያዩት ደጅ ያስቀምጡታል፣ ማታ ቆሻሻ ውስጥ ይጥሉታል። ሰው ፊት ደግሞ አመሰግናለሁ ይሉኛል።» እጃቸውን ከመክፈቻው ላይ አነሱ። «ንጂው።»

ኢሶጋይ ዘንድ ሲደርሱ ከሠራተኞቹ ጋር ቅርፊት ይጭናል፤ ያልተሸጠው ኦይስተር በሳጥን በሳጥን ተደርድሯል። እማማ ኪኑ በበረዶው ላይ ቀስ ብለው ሄደው ፊቱ ቆሙ። ቺዙሩ ከመኪናው አልወረደችም፤ መስታወቱን ብቻ ዝቅ አደረገች። ኢሶጋይ የቢሮ ሰው ያለበትን ይቅርታ ይቅርታ አይለውም።

ባዶ መዳፋቸውን ፊት ለፊት አሳዩት። ከዚያ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ግንባራቸውን ሲሚንቶው ላይ አደረጉ።

«ምን እያደረጉ ነው! ተነሡ እማማ፣ የዓሣ አንጀት የፈሰሰበት ነው!»

«ያንተ ኦይስተር አይደለም። የኔ እጅ ነው። ልጅ ታሞብኝ ሳልናገር ሞቺ ነካሁ። አንተ ስትሰደብ ሰምቼ ደግሞ ትናንት ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ።»

ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቆሙ። ኢሶጋይ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው። ሊያነሳቸው እጁን ዘረጋ፣ እጃቸውን ሊይዝ ሲል አመነታ፤ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው። እማማ ኪኑ ማመንታቱን አይተዋል፤ ቺዙሩም ከመኪናው ውስጥ አይታለች።

ምንም አይደለም አላለም። የተሰረዘው ትእዛዝ አይመለስም፣ ሳጥኖቹ እዚያው ናቸው።

«ለፉጂኖ ነግረዋታል?» አለ በመጨረሻ።

«አሁን እሄዳለሁ። ቤት ለቤት ነው የምሄደው።»

«እኔ ብናገር ራሱን ሊያወጣ ነው ይሉኛል። እርስዎ ይንገሯቸው።» ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። «እናቴም እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ ታገላብጥ ነበር» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ።

ወደ ፉጂኖ ቤት፣ ከዚያ ወደ ነፍሰ ጡሯ፣ ከዚያ ወደ ቀሩት ሄዱ። በየደጁ እማማ ኪኑ ከበሩ ርቀው ቆመው ያንኑ ቃል ተናገሩ። አንዱ ቤት አለቀሱላቸው። አንዱ ቤት በሩን ሳይከፍቱ «ሰምተናል» አሏቸው። ፉጂኖ ብርድ ልብሷን ተከናንባ መስኮት ድረስ መጣችና «ለሚቀጥለው ዓመት እንነጋገራለን» አለች። እንነጋገራለን ማለት ምን እንደሆነ ሦስቱም ያውቁታል።

መሸት ሲል ቺዙሩ ወደ ቤታቸው መለሰቻቸው። እማማ ኪኑ ሁልጊዜ ከፊት፣ ከጎኗ ነበር የሚቀመጡት፤ አሁን የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። እንድትርቃቸው ይሁን እንዲርቋት ቺዙሩ አልጠየቀችም። በመስታወቱ ስታያቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ትንሽ ሆነዋል። እሷም ዓይኗ በእንቅልፍ ይከደናል፤ ነገ ደግሞ የውጤቱ ወረቀት አለ፣ ከሌላ ሰፈርም የተደወለ አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራተተ።

«ቀስ በዪ» አሉ እማማ ኪኑ ከኋላ። «መንገዱ በረዶ ነው፣ አንቺም አልበላሽም።»

«እሺ፣ እማማ» አለች ቺዙሩ፣ ፍጥነቷን ቀነሰች።